ልብ ይስጥህ!

ይድረስ ለምወድህና ለማላከብርህ፣ ስልኬ ውስጥ ያለ ኪራይ ለምትኖረው ጌም።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከማስታወቂያህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባትሪዬ ግን ደህና አይደለም። ጠዋት መቶ ሞልቶ ከቤት ይወጣል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር ጋ ያለችውን ፎቶ ኮፒ ቤቴን ስከፍት ሰባ ይላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቀይ ለብሶ ይለምነኛል። መንገዱ እኮ በባጃጅ አስር ደቂቃ ነው።

ስምህን አልጠራም። ፈርቼህ አይደለም። ስምህን ብጠራ ማስታወቂያ ሠራሁልህ ማለት ነው፣ ማስታወቂያ ደግሞ በነፃ እንደማይሠራ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ለማያውቅህ ሰው ያህል፣ ሦስት ማንጎ ሲያሰልፉለት የሚያፈነዳ፣ ሲያፈነዳ በወፍራም ድምፅ «አሜዚንግ!» የሚል፣ አምስት ልብ፣ ማለትም አምስት የመጫወቻ ዕድል፣ ሰጥቶ አምስቱንም መልሶ የሚቀማ ነህ። ወንድሞችህ ብዙ ናቸው። አንዱ ማንጎውን በከረሜላ ይተካል፣ ሌላው በዕንቁ፤ ጠባያችሁ ግን የአንድ እናት ልጆች መሆናችሁን ያሳብቃል።

መጀመሪያ የለቅሶውን ነገር እንጨርስ። ባለፈው ጎረቤት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ጋቢዬ ሥር ደበቅ አድርጌ፣ አንድ ዙር ብቻ ብዬ ከፈትኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን ድምፅህን ዘግቼህ ነበር። አንተ ማታ ራስህን አፕዴት አድርገህ፣ ማንን አስፈቅደህ እንደሆነ እንጃ፣ ድምፅህን መልሰህ ከፍተሃል። «አሜዚንግ!» አልክ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ፊት ለፊቴ የነበሩ ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ወደ ጎን ዞረው «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ፣ ዕድሜውን ያርዝመውና፣ «እግዜር ያጽናችሁ ነው ያለው አባባ» አላቸው። «አሜን» አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ጌም ጠልቶ ነው እንዳትል ደግሞ። ልጅ ሆኜ ብሪክ ጌም ነበረኝ። ሁለት ድንጋይ የምትበላ፣ ላይዋ ላይ «9999 በ1» ተብሎ የተጻፈባት። ውሸቷን ነበር፤ እፍኝ የማይሞሉ ጌሞችን ፍጥነታቸውን እየቀያየረች ነው 9999 ነኝ የምትለው። ግን ውሸቷ እዚያው ላይ አለቀ። ጡቡ ይወርዳል፣ ትደረድራለህ፣ ከሞላ አለቀልህ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የሠራው የቴትሪስ ግልባጭ መሆኑን ያወቅኩት አድጌ ነው። ቀጥሎ የኖኪያ እባብ መጣ። እሱንም ታኔሊ አርማንቶ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ለወጣው ኖኪያ 6110። እባቡ የገዛ ጅራቱን ከነካ ይሞታል። የነካው በኔ ጥፋት ነው፣ ተናድጄ እንደገና እጀምራለሁ። «በ50 ዕንቁ ነፍስ ልዝራበት?» ያለኝ የለም። «ሠላሳ ደቂቃ ቆይተህ ተመለስ» ያለኝም የለም። አያቴ ጋር ገበጣ ስንጫወትስ? አያቴ ታጭበረብር ነበር፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጠጠር በመዳፏ ታስቀር ነበር። ግን አንድም ቀን ጠጠሩን አፈፍ አድርጋ «ከመቀጠላችን በፊት ስለ አንድ ሳሙና ሠላሳ ሰከንድ ልንገርህ» ብላኝ አታውቅም።

የሚያናድደኝ ጌም መሆንህ አይደለም። የሚያናድደኝ ነገር ይሄ ነው። ባሕር ዳር፣ መቼም ታውቃለህ፣ የብስክሌት አገር ናት። አንድ ሰው ሌሊት መንገዱ ላይ ሚስማር ረጭቶ ጠዋት እዚያው ጥግ ላይ ጎሚስታ ቢከፍት ምን እንለዋለን? አንተ ያ ሰውዬ ነህ። ጨዋታውን ራስህ ታበላሸዋለህ፣ ከዚያ ማስተካከያውን ትሸጥልኛለህ። መጠበቁን የፈጠርከው አንተ፣ አለመጠበቁን የምትሸጠው አንተ። መጀመሪያ ሃያውን ሌቭል እንደ ቅቤ አስዋጥከኝ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። ከዚያ 87 ላይ አስቀመጥከኝ፣ ይኸው ሦስት ሳምንቴ። ሁልጊዜ አንድ ማንጎ ሲቀረኝ ነው የሚያልቅብኝ። ሁልጊዜ! አምስት ማንጎ ቢቀረኝ ትቼህ እተኛ ነበር፣ አንተም ይህን ታውቃለህ። ያኔ ነው ቀስ ብለህ መጥተህ «አምስት እርምጃ ልጨምርልህ?» የምትለው፣ ልክ መነኻሪያ ላይ መኪናው ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ዋጋ እንደሚጨምር ደላላ።

ዋጋህ ራሱ መቼ በብር ተነገረና። አንዱ በዕንቁ፣ አንዱ በሳንቲም፣ አንዱ በኮከብ። የምፈልገው 100 ዕንቁ ነው፤ የምትሸጠው ወይ 80 ወይ 200። ሒሳቡ እንዳይገባኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ኮፒ በገጽ ሳሰላ የምውል ሰው ነኝ፣ አይሸወድም እንዲህ ያለ ሰው። (ተሸውጃለሁ።) እንዲያውም ተጠቀምክብኝ እንጂ ገንዘብ አላገኘህብኝም፤ እዚህ ካርድ ስትለኝ የሚገባኝ የሞባይል ካርድ ነው፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ከኔ የምትሰበስበው ዓይኔን ነው። በየዙሩ አንድ ማስታወቂያ። ዳታው ደግሞ የኔ። ማስታወቂያ ለማየት ከፍሎ የሚያይ ሰው አድርገኸኛል።

«ነፃ ነኝ» ትላለህ። እሺ። ያ ከረሜላ የሚያፈነዳው ዘመድህ፣ ካንዲ ክራሽ፣ እሱም በነፃ ነው የሚወርደው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሸጥ ግን 5.9 ቢሊዮን ዶላር ነው የወጣው። ነፃ ነገር እንዲህ የሚወደድ ከሆነ እኔም ነገ ፎቶ ኮፒውን ነፃ አደርገዋለሁ፤ በየገጹ መሀል ስለ ሳሙና እየጻፍኩ።

ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አንድ ምስኪን ንጉሥ እሳት ሊበላው ነው፣ አንዲት ሚስማር ስቦ ቢያወጣ ይድናል፣ የሚጫወተው እጅ ደግሞ ሆን ብሎ የተሳሳተችውን ይስባል። ተናድጄ አወረድኩት። ንጉሡ የለም! ሚስማሩ የለም! ያው ፍሬ መደርደር ነው። የኔ ብቻ ቁጣ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2020 ሆምስኬፕስና ጋርደንስኬፕስ የሚባሉ ጌሞችን ማስታወቂያዎች፣ የሚያሳዩት ሌላ ጨዋታው ሌላ ነው ብሎ አግዷቸው ኖሯል። መዝጊያዋን ኤክስ ተወው። የጤፍ ፍሬ ታክላለች። የኔ ጣት ደግሞ የወንድ ጣት ነው፣ ወረቀት ሲቆጥር የኖረ። አንዴ ስቻት ፕሌይ ስቶር ትወስደኛለህ፣ ተመልሼ ስመጣ ሁለተኛ ኤክስ ትሰጠኛለህ፣ እሷም የውሸት ናት።

እውነቱን ልንገርህ? አብረን ደስ ብሎን የኖርነው ኔት በጠፋ ጊዜ ብቻ ነው። ከ2015 ነሐሴ በኋላ አማራ ክልል ውስጥ ዳታ በተዘጋባቸው ወራት ሌላ ነገር ሁሉ ቆሞ አንተ ትሠራ ነበር፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ንጉሥ፣ ያለ ሳሙና። አፍሬ ነው የምናገረው፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል አንድ ነገር ተስተካክሎ ነበር፣ እሱም አንተ ነበርክ። ዳታው ሲመለስ ሰው ዘመድ ጋ ደወለ፤ አንተ ያጠራቀምከውን ማስታወቂያ አወረድክብኝ።

ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነበር፣ እርግብ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ቁልፍ በመንቆሯ ስትነካ እህል የሚሰጣት። ሁልጊዜ ሲሰጣት የጠገበች እርግብ ትተወዋለች። አንዳንዴ ሰጥቶ አንዳንዴ ሲነሳት ግን አትላቀቅም፣ ትነካለች፣ ትነካለች። እኔ ለዚህ ሣጥን አያስፈልገኝም፤ ጣና ዳር ዓሣ የሚወርድበት ቦታ ጠዋት መሄድ ነው። ፔሊካኖቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ዓሣ የሚበልተው ሰውዬ ሲያሻው የዓሣ አንጀት ይወረውርላቸዋል፣ ሳያሻው ይተዋል። ንቅንቅ የለም። አንዱ ፔሊካን በተለይ፣ አንገቱን ሰብሮ የሰውዬውን እጅ ብቻ ሲያይ፣ የት ነው የማውቀው አልኩ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ራሴን አየሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትም ስማችሁን መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ አለ። አንብቤዋለሁ። በሽታ ለመባል አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር መታየት አለበት ይላል። እኔ አጥፍቼ መልሼ ከጫንኩህ ገና 11 ወሬ ነው። ጤነኛ ነኝ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ቂሜ እዚያ ነው ያለው።

እማዬ ድሮ ስልክ ስነካካ ካየችኝ «ልብ ይስጥህ» ትለኝ ነበር። ሌላ ስድብ አታውቅም። ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ፣ ተንኮለኛ ነው፣ ስልኳ ላይ ጫነህ። «እማማ ይቺን ብቻ ንኪያት» አላት። ነካቻት። ዛሬ እናቴ 412ኛ ሌቭል ላይ ናት! ሳትከፍትህ በፊት በስመ አብ ትላለች። ቡና እያፈላች ትጫወትሃለች፤ አቦሉ ይገነፍላል፣ ቶናው ይከስላል፣ በረካ ላይ ሳንደርስ ልቧ ያልቃል። ከዚያ ለኔ ትደውላለች። ሥራ ላይ ነኝ፣ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ይዘው ተሰልፈዋል፣ አነሳዋለሁ፣ ታማ እንዳይሆን ብዬ። «ልጄ፣ ልብ ላክልኝ»። ዕድሜዋን ሙሉ ልብ ይስጥህ ስትለኝ የኖረች ሴት! ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኦንላይን ጌም ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ብቻ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት እንዲጫወቱ ወስናለች። ልጅ ላይ መወሰን ቀላል ነው። 61 ዓመት ለሆናት እናት ማን ይወስናል?

እሑድ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ሐይቁ ዳር ወሰድኳት። ቆሮሶ ዓሣ አዘዝን። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጣና ዳር ኖሬ ጉማሬ በቅርብ ያየሁት ሁለቴ ነው። አንተ የዚያን ዕለት ልብህን ሞልተህ ጠራኸኝ፣ «ናፍቀኸናል» ብለህ፣ ማናችሁ የናፈቅኳችሁ? አንድ ዙር ብቻ አልኩ። «ጉማሬ! ጉማሬ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አንድ ማንጎ ነበር የቀረኝ። ቀና ስል ውሃው ክብ እየሠራ ነበር። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰውዬ እንኳን ቆሞ እያየ ነው። የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ቀርጻዋለች። ጉማሬው ይታያል፣ ታንኳው ይታያል፣ ጥግ ላይ የኔ አናት ጎንበስ ብሎ ይታያል። ቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቃዋለች። ቆሮሶውም ቀዘቀዘ።

አጥፍቼህ አውቃለሁ፣ ሦስት ጊዜ። እምቦጭ ነህ። እሱም ሲያዩት ሐምራዊ አበባ አለው፣ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ጣና ላይ ተዘርግቶ ፎቶ የሚያነሱት ያምራል። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ይነቅለዋል፣ ክረምቱ ሲመጣ ዘሩ ታች ተቀብሮ ቆይቶ ይበቅላል። አንተን ስነቅልህ «ሌቭልህን አስቀምጬልሃለሁ» አልከኝ። ለስንቱ ነገር ታማኝ ባልሆንክ ለዚህች ታማኝ ሆንክ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ዋጋህን ንገረኝ። 300 ብር በለኝ፣ 500 በለኝ፣ በቴሌብር ልክፈልህ፣ አንዴ ልግዛህና የኔ ሁን። ልብም አትቁጠርብኝ፣ ንጉሥም አታቃጥልብኝ። ከተሸነፍኩ በራሴ ድንቁርና ልሸነፍ፣ እንደ እባቡ። ከዚያ በኋላ 87 ላይ ዓመት ብቀመጥ ስምህን በክፉ አላነሳም።

ይህን እየጻፍኩ እማዬ ደወለች። አላነሳሁም። ወዲያው ኖቲፊኬሽን መጣ፤ ልብ ጠይቃለች። ሌቭል 413 ገብታለች።

ላክሁላት። እናት ናት።

አክባሪህ ያልሆንኩ፣
87ኛው ላይ የቆምኩት ደንበኛህ፣ ከፔዳ በር