ለእንግሊዝኛው ትእዛዝ ለሚያጨበጭቡ ወገኖቼ

እንግሊዝኛ የአሜሪካ ይፋዊ ቋንቋ ይሁን የሚለው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ከተፈረመ ቆይቷል። ማርች 1 ቀን 2025 ነው የተፈረመው። ትእዛዙ ራሱ አልገረመኝም። ከዚያ በኩል ሌላ ነገር አልጠበቅሁም። ያናደደኝ የእኛ ሰዎች ጭብጨባ ነው።

ሰሞኑን በአንድ የማኅበረሰባችን የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ እንግዳ ቀርበው ነበር። የተማሩ፣ እዚህ አገር ረጅም ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። የተናገሩት ባጭሩ ይህ ነው። ነገሩ ከዘር ጋር አይገናኝም። እኛ ሐበሾች ሁሉን ነገር ከዘረኝነት ጋር ማያያዝ አብዝተናል። አንድ አገር አንድ ቋንቋ ያስፈልገዋል። ደግሞም ትእዛዙ የሚመለከተው ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን እንጂ እኛን አይደለም። ስልክ የደወሉት አድማጮች ተራ በተራ "እውነትዎን ነው ጋሼ" አሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር። "እኛን አይመለከትም" የሚለው ከሁሉም የባሰው ነው።

ትእዛዙ የሻረው አንድ የቆየ ትእዛዝ አለ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 የፈረሙት ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በሚገባው ቋንቋ መንገድ እንዲያበጁ የሚያዝዝ ነበር። አዲሱ ትእዛዝ ያንን ሲሽር የቋንቋ ዝርዝር አላወጣም። "ስፓኒሽ ይውጣ፣ አማርኛ ይቆይ" አላለም። የቤቶች ጉዳይ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በኦገስት 2025 ሥራዬ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል ሲልም ለሐበሻ የተለየ መስኮት አልከፈተም።

እንዲያውም ስፓኒሽ ጉልበት አለው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው በቤቱ ይናገረዋል። ቴሌቪዥን አለው፣ ድምፁን ፖለቲከኛ የሚለማመጠው መራጭ አለው። በምርጫ መብት ሕጉ ላይ በ1975 የተጨመረው የቋንቋ ክፍልም ይጠብቀዋል። ያ ክፍል አራት ወገኖችን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ እስያውያን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች። አማርኛ የለበትም። አንድም የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የምርጫ መመሪያ በአማርኛ የምናገኘው ከተማዋ በ2004 ባወጣችው በራሷ የቋንቋ ሕግ ነው። እሱም ከሰማይ አልወረደም። ስደተኞች ተደራጅተው፣ ምክር ቤት ቀርበው፣ ተከራክረው ያገኙት ነው። ታዲያ ንፋስ ሲነሳ ቀድሞ የሚወድቀው የማን ነው? የእኛው ነው።

ትራምፕ በ2024 የምርጫ ዘመቻቸው ላይ ደጋግመው ያነሱት ነገር ነበር። እዚህ አገር ማንም የማይናገራቸው፣ ማንም ሰምቷቸው የማያውቅ ቋንቋዎች እየገቡ ነው ይሉ ነበር። ጋሼ፣ ስፓኒሽን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቋንቋ የሚለው ሰው የለም። ያ ንግግር የእኔንና የእርስዎን ቋንቋ ነው የሚነካው።

"ከዘር ጋር አይገናኝም" ወደሚለው ስመጣ ደግሞ፣ የ2020ውን የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ የሞላ ሰው ያስታውሳል። "ጥቁር" ከሚለው ሣጥን ሥር በምሳሌነት ከተጻፉት ስሞች አንዱ "ኢትዮጵያዊ" የሚል ነበር። እኛ ራሳችንን ምንም ብለን ብንጠራ አገሩ የት እንዳስቀመጠን ያውቃል። ቋንቋን በሕግ መቆለፍም በዚህ አገር የሰዋስው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚመጣው አንድ ሕዝብ ሲፈራ ወይም ሲጠላ ነው። የነጻነት አዋጁ በ1776 በወጣ በቀናት ውስጥ ፊላዴልፊያ ላይ በጀርመንኛ ታትሟል። ያኔ ማንም አልደነገጠም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ጀርመናዊ ሲጠላ፣ ነብራስካ በ1919 ትንንሽ ልጆችን በእንግሊዝኛ ካልሆነ በቀር ማስተማርን ከለከለች። አንድ መምህር አንድ የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ በማስነበቡ ተከስሶ ተቀጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሻረው በ1923 ነው። ጀርመንኛው በመካከሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ለተናጋሪዎቹ የነበረው ስሜት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሚያበሳጨኝና ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው፦ "ሰው በራሱ ቋንቋ አገልግሎት ካገኘ እንግሊዝኛ አይማርም። አስተርጓሚ ሰነፍ ያደርጋል።"

ማን ነው ሰነፉ? ሌሊቱን ቢሮ ስታጸዳ አድራ፣ ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ከሰዓት ሌላ ሥራ የምትገባዋ እናት? ከ11 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ፓርኪንግ ውስጥ የሚቆመው አባት? እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ አይጠሉም። እንደ እነሱ እንግሊዝኛ የሚመኝ ሰው የለም። ቋንቋውን ባለመቻላቸው በየቀኑ ገንዘብ ያጣሉ፣ በየቀኑ ይዋረዳሉ። ከዚህ በላይ ምን ማነሳሻ ይፈልጋሉ? የሐኪም ወረቀት በአማርኛ መጻፉ ነው ከክፍል ያስቀራቸው?

አንዲት ጎረቤቴ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ደም እየፈሰሳት አንድ ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ አስተርጓሚ በስልክ ሞከረች፣ ቶሎ አልተገኘም። "ልጅሽ ታስተርጉምልሽ" ተባለች። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ናት። ሐኪሙ ስለ ወር አበባ ጠየቀ፣ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች ጠየቀ፣ ጽንስ ወርዶባት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ትስባለች። እናትየዋ ሁኔታውን አየችና "ተዪው የኔ ልጅ፣ ደህና ነኝ ትላለች በያቸው" አለቻት። ደህና አልነበረችም። ከሁለት ወር በላይ ሳትታከም ቆየች። ይህች ሴት ያን ቀን እንግሊዝኛ ተማረች? የተማረችው ሕመሟን መደበቅ ነው።

ትእዛዙን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ሰው እንግሊዝኛ እንዲማር ከሆነ የተፈለገው ትምህርቱ የታለ? ትእዛዙ አንድ የማታ ክፍል አልከፈተም። አንድ ዶላር አልመደበም። ከዚህም ይከፋል። ይኸው አስተዳደር ለ2026 ባቀረበው የበጀት ጥያቄ፣ እንግሊዝኛ እየተማሩ ላሉ ልጆች ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው 890 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀር ጠይቋል። ሙሉውን። ደግሜ ልበለው። "ሁሉም እንግሊዝኛ ይናገር" ያለው መንግሥት እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ገንዘብ ይቁረጥ አለ። ከዚህ ወዲያ ስለ ትእዛዙ ዓላማ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም። ሰው እንዲማር የሚፈልግ መምህር ይቀጥራል። ሰው እንዲጠፋለት የሚፈልግ ደግሞ ምልክቱን ከግድግዳው ላይ ያነሳል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ ቅጹን በማይገባው ቋንቋ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር አልክድም። 40 ቶን የሚጎትት የትራክ ሾፌር የመንገድ ምልክት ማንበብ አለበት። ሾፌር እንግሊዝኛ ይቻል የሚለው ሕግም ድሮ የነበረ ነው፣ ከጁን 2025 ጀምሮ የጠበቀው ቅጣቱ ነው። መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ሲያስቆመው መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ያለ ስልክ። ካለፈ የምልክት ፈተና። በቃለ መጠይቁ የወደቀ ሾፌር ምልክቶቹን ቢያውቃቸውም እዚያው ከሥራ ይታገዳል። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ በዚህ ሥራ ነው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት። ማንበብ የሚችል፣ ዓመታት ያለ አደጋ የነዳ፣ ግን ፖሊስ ሲያየው አፉ የሚተሳሰር ሾፌር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ፈተናው የመንገድ ደኅንነት ከሆነ ምልክቱን ያስነብቡት። አነጋገሩ ምን አገባቸው?

የሬዲዮው እንግዳ "አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ" ሲሉ ደሜ የፈላው በሌላም ምክንያት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ቀምሰነዋል። ያውም አቅማሹ የአማርኛ ተናጋሪው መንግሥት ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ይሁን አለ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኦፊሴላዊ ቋንቋ አደረገው። ምክንያቱ አንድነት ነበር። ያኔም የተሰጠው ማብራሪያ ዛሬ በሬዲዮ የሰማሁት ነው፦ ይማሩት፣ ይጠቅማቸዋል፣ አገር ያስተሳስራል። ከዚያስ? አንድ የአርሲ ወይም የወላይታ ገበሬ በተወለደበት ቀዬ ፍርድ ቤት ይቆማል። ዳኛው የሚለውን አይሰማም። አስተርጓሚው ምን እንዳለለት አያውቅም። የመሬቱ ጉዳይ ግን እዚያው ይወሰናል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ በእናቱ ቋንቋ ማፈር ይማራል። ያ ልጅ አደገ። ያን ንዴት ይዞ አደገ። ዛሬ አንድ ሆነን መቆም ያቃተን ከየት የመጣ ይመስለናል?

አማርኛ ምን በደለ? ምንም። በገበያው፣ በንግዱ፣ በጋብቻው፣ በዘፈኑ ሰው ወዶ የለመደው አማርኛ ዛሬም ያገናኘናል። ያቃቃረን በደንቡና በዱላው የመጣው ነው። ደርግ እንኳ፣ ያ ሁሉ ጭካኔ እያለበት፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአማርኛ ብቻ ማካሄድ እንደማያዋጣ ገብቶት ወደ 15 ቋንቋዎች አስፋፍቶታል። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው ይላል። ስለዚያ ሕገ መንግሥት ብዙ የምንጣላበት ነገር አለ። ይህን አንቀጽ ግን ጤነኛ ሰው አይቃወመውም።

እዚያ የኦሮሞው ወይም የሲዳማው ገበሬ በራሱ ቋንቋ ይዳኝ ሲባል "አገር ሊፈርስ ነው" ያሉ ሰዎች ናቸው እዚህ ለእንግሊዝኛው ትእዛዝ የሚያጨበጭቡት። ሁሉም አይደሉም፣ ብዙዎቹ ግን ናቸው። አቋማቸው ወጥ ነው፣ ይህን አልነፍጋቸውም። ጉልበተኛው የተናገረው ቋንቋ ሁሉ ልክ ነው። ልዩነቱ እዚህ ጉልበተኛው ሌላ መሆኑ ነው። የተረሱት የራሳቸው እናት ናቸው። በ70 ዓመታቸው ልጅ ሊጠብቁ መጥተው፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ የሚጠብቁት እናት።

"አታጋኑ፣ ስሜታችሁ ስስ ነው" ይሉናል። ስስ ቢሆንስ? የተነካ ሰው ነው "ኧረ ተነካሁ" የሚለው። ያለ ስስ ስሜት የተገኘ መብት እዚህ አገር አልነበረም። የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ ያመጡት ጥቁር አሜሪካውያን "አታጋኑ" ሲባሉ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሬስቶራንት ከፍተን ስለ አንድነት አንሰብክም ነበር።

ያ ሕግ ደግሞ አልተሻረም። ፕሬዚዳንቱ የክሊንተንን ትእዛዝ በፊርማቸው ሊሽሩ ይችላሉ፣ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ግን አይችሉም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን ማግለል ዛሬም ክልክል ነው። ኦባማኬር የሚባለው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557ም አለ፣ በጤና አገልግሎት ላይ ይህንኑ ማግለል ይከለክላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትሄዱ አፖይንትመንት ስትይዙ ጀምራችሁ "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ። ክፍያ የለውም። "ልጅሽ ታስተርጉም" ካሏችሁ እምቢ በሉ። እምቢ ካሏችሁ ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያናገራችሁን ሰው ስም ጽፋችሁ ያዙና አቤት በሉ። ሬዲዮ ጣቢያውም ለእኚያ እንግዳ የሰጠውን አንድ ሰዓት ያህል ለዚህ ይስጥ። ስልክ የሚደውሉትን እናቶች ያዳምጥ።