ጳጉሜን ወር ናት ወይስ ጭማሪ ቀን?

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በአቃቂ ቃሊቲ ዳር ዳር፣ ሰርቪስ ቤት በሚከራይባቸው ሰፈሮች፣ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ የጳጉሜን ኪራይ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ጳጉሜን ወር ናት ወይ? ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር፣ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ «ናት»፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «አይደለችም» ብለው በጽሑፍ ተከራክረዋል።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ መሪጌታ፣ ስሟ ራሱ ይመሰክርባታል። ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ተጨማሪ»። 12 ወር በ30 ሲባዛ 360 ይሆናል፣ ዓመቱ ግን 365 ቀን ከሩብ ስለሆነ የጎደለው ከኋላ ተለጠፈ። በተግባርም እንደ ወር የሚቆጥራት የለም። ደመወዝተኛ በዓመት የሚፈርመው 12 ጊዜ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ሲዘጋ ጳጉሜን የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሆድ ውስጥ ታልፋለች፤ ያ ሩብ ዓመት 90 መሆኑ ቀርቶ 95 ቀን የሚሆነውም በእሷ ነው። የሚካኤል ማኅበርተኛ በ12፣ የማርያም በ21 ጽዋ ያነሣል፤ ጳጉሜን ላይ ቀኑ ራሱ የለም። የ13 ወር ፀሐይ የሚለውን እንዳያነሡብኝ፤ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለቱሪስት ያወጡት መፈክር ነው። በጳጉሜን የአቃቂ መረሬ ጫማ ሲነቅል ያየ ሰው ስለ ፀሐይዋ አይከራከርም።

መሪጌታው፦ ልጄ፣ ጭማሪ መሆኗን ማን ካደ? ፈረንጅ ትርፉን ቀን በየወሩ በትኖ ወሩ 28፣ 30፣ 31 ሆነበት። እኛ ለብቻው አስቀምጠን ስም፣ ጾምና በዓል ሰጠነው። የፈቃድ የሆነው የዮዲት ጾም በእሷ ነው። በ3 ሩፋኤል ይውላል፤ ርኅወተ ሰማይ፣ ሰማይ የሚከፈትበት ስለሚባል ልጁ ሁሉ ዝናቡን ራቁቱን ይጠመቃል፣ እናት ከጠበሉ ጥቂት ሊጧ ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። እዚህ ላይ የሚበላሸው አሰባሰቡ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ጠፈጠፍ ዝገቱንም የወፍ ኩሱንም ይዞ ይወርዳል፤ ስለዚህ የታጠበ ባልዲ ከጣሪያ ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ጎህ ሳይቀድ ወንዝ መውረድም የቆየ ልማድ ነው፤ የአቃቂ ወንዝ ግን የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ስለሚሸከም በረከት ፈልጎ እከክ ይዞ መመለስ አለ።

ደግሞ አዲስ ዓመት በምን ቀን እንደሚውል ያለ እሷ አይታወቅም። ለ2019፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ጨምርና 7519 ዓመተ ዓለም በል። ለ4 ስታካፍል 1879 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ይጠራሉና 3 ሉቃስ ነው፣ በሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 7519ን ከ1879 ደምረህ 9398ን ለ7 ስታካፍል ትራፊው 4። አንዱን ከማክሰኞ ጀምረህ ስትቆጥር መስከረም 1 ዓርብ። በ2020 ትራፊው 6 ነው፤ ቅዳሜን ዘልሎ እሑድ። ያዘለለችው ስድስተኛዋ ቀን ናት። በዚያው በ2020 ገናም በ29 መዋሉ ቀርቶ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ከጌታ ፅንሰት፣ ከመጋቢት 29፣ ተነሥቶ የሚቆጠረው 275 ቀን ነውና አንድ ቀን እንዳይተርፍ።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ጥሩ አመጡት። ያንን 275 ቀን ሕዝቡ ምን ይለዋል? «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን»። ጳጉሜንን አቋርጦ ሄዶ እንኳን አሥር ወር አላለም! አምስቱ ቀን እሷ ናት፤ ቀን እንጂ ወር አልተባለችም።

ወደ ኪራዩ ልመለስ። ቤቱ በወር 6,000 ብር ነው እንበል። አከራዩ ለ30 አካፍሎ 200፣ በ5 አባዝቶ 1,000 ብር ይጠይቃል። ውሉ «በየወሩ» ካለ ግን ነሐሴ 10 የከፈለ ሰው ቀጣይ ቀኑ መስከረም 10 ነው፣ መካከሉ 35 ቀን ቢሆንም። ወጥመዱ «በየ30 ቀኑ» የሚለው ነው። መስከረም 1 የገባ ተከራይ 12 ጊዜ ከፍሎ ሲጨርስ 13ኛው ክፍያ ጳጉሜን 1 ላይ ይወድቅበታል። የክፍያ ቀኑ በየዓመቱ አምስት ቀን ወደኋላ እየሸሸ በስድስት ዓመት አንድ ሙሉ ትርፍ የወር ኪራይ ሳያውቀው ይከፍላል። ወር ናት ማለት ለዚህ አከራይ ቢላ ማቀበል ነው።

መሪጌታው፦ የአከራይ ስስት የወር መለኪያ አይሆንም። ኪራይ አይጠየቅባት፣ በዚህ ካንተ ጋር ነኝ። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን መባሉም ሰው ሲቆጥር ወርን በ30 ስለሚሰፍር ነው፤ 30 ያልሞላውን በቀን ይጠራል። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሕፃን በሩፋኤል ዕለት ቢወለድ ወረቀቱ ላይ የወሩ ቦታ አለ፣ ባዶ አይተውም። ነሐሴ 33 ብለህ ትጽፍለታለህ?

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ጳጉሜን 3 እላለሁ፣ በቁጥርም 13 እጽፋለሁ። ይህን አልክድም፤ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ኮምፒውተር ላይ ግን ያ 13 ስሕተት ተብሎ ይመለሳል፣ መዝጋቢውም መስከረም አድርጎት ያርፋል።

መሪጌታው፦ እንግዲያ መዝጋቢው ይታረም እንጂ ወሯ ለምን ትሰረዝ? አንተም «በየ30 ቀኑ» የሚል ውል የያዙትን ተከራዮችህን ከ2019 ጳጉሜን በፊት አስጠንቅቃቸው፤ የዚያን ዓመት የሚሸሸው ስድስት ቀን ነው።