ከወደቀ በኋላ ያለው ሰዓት

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት አደጋቸው ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል መጻፋችሁ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ጅማ፣ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር ለመያዝ እንሯሯጣለን (ምንም አይረዳውም)። ተነስቶ አቧራውን ሲያራግፍ ግን ዓይኑን የሚያየው የለም። የምትከብደው ያቺ ሰዓት ናት።

የአጎቴ ልጅ በሽታው ከጣለው በኋላ ለቀናት ከቤት አይወጣም። ቡና ተፈልቶ ሲጠራ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ይሄ ድብርት ነው፣ ደግሞም ይታከማል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት አንዳንዱ ሰው ላይ ድብርት ሊያመጣ ይችላል። ያኔ ለሐኪም መንገር ነው እንጂ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ የሚጥለው ሕመም ብሶ ሊመለስ ይችላል። ሐኪሞቻችንም እባካችሁ፣ «ስንት ጊዜ ጣለህ?» ካላችሁ በኋላ «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም።