መስኩን ማን መረጠው?

ስለ ተመራቂዎች ሥራ ማግኘት ያነበብኩት ጽሑፍ «ሥራ ቶሎ የሚያገኘው መስኩን አስቦ የመረጠ ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። በ2001 ዓ.ም. የ70/30 አመዳደብ (70 በመቶው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ) ከመጣ በኋላ ስንቱ ሳይወድ ምህንድስና እንደገባ ግን ማን ይረሳል? የመደበው መንግሥት፣ ሥራ ፈላጊው ልጁ!

እዚህ ባሕር ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆም ብላችሁ እዩ። አካውንቲንግ፣ ነርስ፣ እንደገና አካውንቲንግ። «0 ዓመት ልምድ» የሚል ከተገኘ ሰልፉ አይጣል ነው።

ሲቪል ምህንድስና የጨረሰው የሰፈራችን ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ግንባታ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቀነሰው አዲስ ተመራቂ ነው። ጨርቃጨርቅ የተማረችው እህቱ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታለች። በወረቀት ላይ «ተቀጥራለች»፤ ከቤት ኪራይ የሚተርፋት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጽሑፉ ጸሐፊ በሚቀጥለው ደመወዙንም ቢያነሱልን ጥሩ ነበር።