ቡናውን እያሞገስን ጫካውን ስንመነጥር

ወገኖቼ፣ በቡና ጉራ ስንነዛ ማንም አይደርስብንም። «የቡና መገኛ» ማለት አይሰለቸንም። ግን ያ ጫካ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚበቅለው ቡናችን ከቀይ ቀበሮ ጋር አንድ መዝገብ ላይ መስፈሩን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱንም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ መድቧቸዋል።

ባሌ ላይ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው። ላይ ሳነቴ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀበሮው ፍልፈል ያድናል። ወደ ደሎ መና ሲወረድ ቡናው ሐረና ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።

ለቀበሮው ግድ የለንም፤ አይሸጥ፣ አይጠጣ! ለጫካው ቡናም ግድ የለንም። «ማሳው ሁሉ ቡና አይደል እንዴ?» እንላለን። ተሳስተናል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ ሲገባብን ጅማ ያሉ ተመራማሪዎች መፍትሔውን ከውጭ አላስመጡም። ከኢሉባቦር የአገሬው ቡና መሀል በሽታውን የሚቋቋሙትን ዛፎች መርጠው ነው የተረፍነው። ዛሬ ገበሬው የሚተክላቸው 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው። ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ ከየትኛው ጫካ ልንመርጥ ነው?

መጠባበቂያ አለን ብላችሁም አትጽናኑ። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለዘመናት አይቀመጥም፤ ዛፉን ተክሎ መንከባከብ የግድ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በየትኛውም አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንድም የለም። በዱር ያሉት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው።

ስለዚህ የባሌ ሰዎች፣ ውሾቻችሁን አስከትቡ! ቀበሮውን በጅምላ የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የሚይዘውም ከእኛው ውሻ ነው። ክትባቱ ልጆቻችሁንም ያተርፋል። ቡና ለቃሚዎች፣ ለለቀማ እንዲመች እያላችሁ የጫካውን ችግኝ አትመንጥሩ። ሾፌሮች፣ ሳነቴ ላይ ቀስ በሉ፤ ቀበሮ መንገድ ያቋርጣል። ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የምትመጡም፣ ለፎቶ ብላችሁ ምግብ አትወርውሩለት።

እናንተ ሹማምንትስ? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ አጨብጭባችኋል፤ እኛም አጨብጭበናል። እርሻና ሰፈራ ወደ ውስጥ እየገፋ ሲገባ ግን አይታችሁ እንዳላየ ታልፋላችሁ። ነዋሪውን ሌላ መተዳደሪያ ሳትሰጡት «ውጣ» ማለትም አያዋጣም። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ደግሞ ቶሎ።