ጠበቃ ለመሆን ስንት ዓመት ልምምድ ይበቃል?

ቅዳሜ ቡና ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው። አንዷ በቅርቡ በሕግ የተመረቀች ልጅ ናት። አንደኛው ጥብቅና ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው። ሦስተኛው ለንደን የሚኖር፣ ለእረፍት የመጣ ዘመዷ።

«አምስት ዓመት ተማርኩ። ኤክስተርንሺፕ፣ ማለትም የተማሪ የተግባር ልምምድ፣ ወጣሁ። የመውጫ ፈተናውንም አለፍኩ» አለች ልጅቷ። «አሁን ደግሞ ልምድ አምጪ ይሉኛል። ሥራ ሳይሰጡኝ ከየት ላምጣው?»

«ኤክስተርንሺፕ ላይ ምን ሠራሽ?» አላት ጠበቃው።

«መዝገብ አነበብኩ፣ ችሎት ተከታተልኩ። ፎቶ ኮፒም አነሳሁ።»

«ይኸው! እኔ ጋ አንድ ጎበዝ ተመራቂ ነበር። ከሥራ የተባረረ ሰው ሲመጣ አንተ አነጋግረው አልኩት። የሰበር ውሳኔ እየጠቀሰ ስምንት ገጽ ጻፈ። የስንብት ደብዳቤው መቼ እንደደረሰው ግን አልጠየቀም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ሰውየው የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ። ልጁ ይህን ክፍል ውስጥ ተምሮታል። ደንበኛው ፊቱ ተቀምጦ ሲያለቅስ ግን ጠፋበት። እኔን ከጠየቃችሁኝ 3 ዓመት ያስፈልጋል።»

የለንደኑ ሰው ገባ። «እንግሊዝ ሶሊሲተር የሚባለው ጠበቃ ለመሆን ልምምዱ 2 ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ ደግሞ እስከ አራት ቦታ ተሠርቶ መሙላት ይቻላል። ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ የተሠራውም ይቆጠራል። ጀርመኖቹ 2 ዓመቱን ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤትና ጠበቃ ቢሮ እየዞሩ ነው የሚጨርሱት። ወርሃዊ አበሉን የሚከፍለው መንግሥት ነው።»

ልጅቷ አበል የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ 3 ዓመት ሲሉ የቤት ኪራዬን ማን ይከፍላል? ቤተሰቦቼ እስከ መቼ ነው ብር የሚልኩልኝ?»

«ትራንስፖርትና ምሳ እንችላለን እኮ» አላት።

«እሱ ደሞዝ አይደለም።»

ክፍያው ላይ ሙሉ በሙሉ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ያለ ደሞዝ የሚሠራ ልምምድ የድሃ ልጅ ከሙያው የሚወጣበት በር ነው። ርዝመቱ ላይ ግን ወደ ጠበቃው አደላለሁ። 3 ዓመት ቢበዛ እንኳ 2 ዓመት ያስፈልጋል። ምክንያቴ ቀጠሮ ነው። እኛ ጋ የፍትሐ ብሔር ክስ ተከፍቶ፣ መጥሪያ ደርሶ፣ መልስ ቀርቦ፣ መቃወሚያ ተሰምቶ፣ ምስክር ተደምጦ ፍርድ እስኪሰጥ ስንት ጊዜ እንደሚቀጠር የተመላለሰ ያውቀዋል። ከዚያ አፈጻጸም፣ ማለትም የተፈረደውን ማስፈጸም፣ አለ። ስድስት ወር የቆየ ተለማማጅ ከዚህ ሁሉ አንድ ቁራጭ ቢያይ ነው። ፍርድ የተፈረደለት ደንበኛ ገንዘቡን ለማግኘት እንዴት እንደሚንከራተት አያይም።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ መዝገብ ከክስ ማመልከቻ እስከ አፈጻጸም ይከታተል። አሠልጣኙ ጠበቃም ተለማማጁ የትኛውን ደንበኛ እንዳነጋገረ፣ የትኛውን ማመልከቻ እንዳረቀቀ ዘርዝሮ ይፈርምለት። «2 ዓመት አብሮኝ ሠርቷል» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ለእኔ አይበቃም።

ብቻውን ለሚሠራ ጠበቃ ደሞዙ ሊከብደው ይችላል። ግን ከአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ወዲህ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ተፈቅዶላቸዋል። ለተለማማጅ ደሞዝ መክፈልም ከእነዚህ ድርጅቶች ይጀመር።