ለክቡር «የበረራ ጊዜ ግምት»

ጉዳዩ፦ 13 ደቂቃዎን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ ክቡርነትዎ! ከጎንደር ላሊበላ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ደግሞ 13 ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል ብለው ስልካችን ላይ ብቅ ማለትዎን አይተናል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ አንዲት ውሸት የለበትም። ሳይዋሽ ይህን ያህል ሰው የሚያጣላ ግን ከእርስዎ ሌላ አላየንም።

መቼም የእርስዎ አውሮፕላን የታደለ ነው። አይንደረደርም፣ ነፋስ ወደሚመጣበት ዞሮ አይነሳም፣ ከፍታ እስኪይዝ አያቃስትም፤ ሲወለድም በሙሉ ፍጥነት ሰማይ ላይ ነው። እኛን የሚያጓጉዘን ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ግን ከፍታውን ይዞም በሰዓት 650 ቢሄድ ነው። ላሊበላ ሲቃረብ ደግሞ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አብራሪው እንደ እርስዎ በማስመሪያ አይወርድም።

የሰውንማ ነገር ተዉት። እርስዎ የሚቆጥሩት ከአስፋልት እስከ አስፋልት ነው፤ አስፋልቱ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ የለም። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በአዘዞ በኩል ነው። ፒያሳ ላይ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ሰው ሲጭን የእርስዎ 13 ደቂቃ አልቃለች። ቀጥሎ ፍተሻ፤ ቀበቶ ፍታ፣ ጫማ አውልቅ። ከፊቴ የነበሩ እናት ፌስታል ሲከፈት በርበሬው ፈታሹን አስነጠሰው፤ «ይማርህ!» አልን በሰልፍ። እናትየው «ለልጄ ነው» ብለው እንደገና እስኪቋጥሩት ሌላ 13 ደቂቃ ሄደች።

ይህ ሁሉ ቀጥታ በረራ ሲኖር ነው። በሌለበት ቀን ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ወደ ደቡብ ይበራል፦ ቦሌ ድረስ 420፣ ከቦሌ ላሊበላ 330። 180 ኪሎ ሜትር ለመሻገር 750! ቦሌ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቁን አልደመርኩም። በመኪና እሄዳለሁ ላለ ደግሞ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርጎ ከ300 በላይ ነው፤ ወገቡን አደራ።

ከሁሉ የከፋው ግን የእርስዎ ቁጥር ባሕር ማዶ ያለች የአክስቴ ልጅ እጅ መግባቱ ነው። «13 ደቂቃ መንገድ አቅቶህ ነው የአጎታችን ለቅሶ ላይ የታጣኸው?» አለችኝ። በእኛ አገር ሠርግ ቢቀሩ ይታለፋል፤ ለቅሶ መቅረት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ከቁጥርዎ ሥር «ለአሞራ ብቻ» የምትል ጽሑፍ እንዲያክሉ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአክስቴ ልጅ፤ ለ40ው ተዝካር እንድደርስ ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ።